ትራስ ላይ የተቀመጠ ብር

ሰው ይጠይቀኛል። ሆቴል ያደረ ሰው አልጋውን ላነጠፈለት ምን ያህል ይተዋል ይለኛል። እኔን መጠየቁ ደግ አደረገ። ሐረር ውስጥ ይኼን ነገር ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። የሙሴ ኮስታ ሆቴል በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ጠጉሬ እስኪሸብት ቆሜያለሁ። ሙሴ ማለት በፈረንጆቹ አቶ ማለት ነው። እንግዳው ሲገባም አየዋለሁ፣ ሲወጣም አየዋለሁ። የሰው ልክ የሚታወቀው ሲወጣ ነው። ሲገባማ ሁሉም ጌታ ነው።

ድሮ ጉርሻ ለአፍ ነበር። አንዱ ያጣላል ተብሎ ይደገማል፣ አለቀ። ከአፍ ወደ እጅ ከወረደ ወዲህ ነው ነገር የበዛው። አፍ ልኩን ያውቃል፤ ሲሞላ ይዘጋል። እጅን ምን ይሞላዋል? ዓረቦቹ በቅሺሽ ይሉታል። ፈረንጆቹም የራሳቸው ስም አላቸው። ስሙ ምንም ይሁን፣ መቀበያው ያው መዳፍ ነው።

ስለ ድሬዳዋ ሙቀት ታውቃለህ? ባቡሩ እዚያ ከገባ ወዲህ ፈረንጁ በዛ። ፈረንጅ ደግሞ ከሙቀት ጋር አይስማማም። ግንቦት ሲገባ ፊቱ እንደ በርበሬ ይቀላል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ከሚስቱ ይጣላል። ያን ጊዜ በቅሎ ተከራይቶ ወደ እኛ ይወጣል። ሐረር ንፋስ አላት። እኛ ከተወለድን ጀምሮ በነፃ የተነፈስነውን ንፋስ እነሱ ከፍለው ይተነፍሱታል። አሁን በኦቶሞቢል ይመጣሉ አሉ። በዚያ ጊዜ በበቅሎ ነበር። ዳገቱን ጨርሰው ሲደርሱ ኮስታ ወንበር ያቀርብላቸዋል። እነሱ ቆመው ያመሰግኑታል። መቀመጥ ማን ችሎ።

ሥራቸው ምን ነበር ብትለኝ፣ ምንም። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ግንቡን አንድ ጊዜ ዞረው ያያሉ፣ ተመልሰው ይተኛሉ። ምንም ላለመሥራት ያን ሁሉ ዳገት መውጣት ለእኔ ግራ ነበር። ብቻ ደግ እንግዶች ነበሩ። የሚተኛ ሰው አያስቸግርም።

ታዲያ ሲሄዱ የሚተዉት ይለያያል። ከአዲስ አበባ የመጣ መኰንን ላስተናገደው አይሰጥም፤ ላወደሰው ይሰጣል። እኔ ማወደስ አልችልም። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከመኰንን ብዙ አላገኘሁም። የህንድ ነጋዴ ዘቢብ ይሰጣል፤ ቆጥሮ ነው የሚሰጠው። ቄስ ይባርካል። ቡራኬ ደግ ነው፤ ጊደር መጋላ ገበያ ወስደህ ግን በርበሬ አትገዛበትም። አንድ ግሪክ ደግሞ ምክር ሰጥቶኝ ሄደ። ወይን ትከል አለኝ። የምተክልበትን መሬት ግን አልሰጠኝም።

ዘበኛ ስልህ በር መጠበቅ ብቻ እንዳይመስልህ። ውሃ እቀዳለሁ። በቅሎ እይዛለሁ። ፖፖ የምደፋውም እኔ ነበርኩ። ታዲያ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ትራስ ላይ ገንዘብ የሚተው እንግዳ አይቻለሁ። ወንበር ላይ የሚተውም አይቻለሁ። ፖፖው አጠገብ የተወ ግን አንድም አላየሁም። ትራስና ፖፖ የቱ ይከብዳል? እስቲ አንተ ፍረድ።

የትራሱን ነገር ካነሳሁ አይቀር የሙሴ ፖልን ልንገርህ። ስንት ይሰጥ የሚለውንም የተማርኩት ያኔ ነው። ተማርክ ካልከኝ።

መጀመሪያ ቤቱ የማን እንደሆነ እወቅ። ሆቴሉ የነበረው ጀጎል ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የድሮ ቤት ነው። ኮስታ ለእንግዶቹ ቤቱ የእኔ ነው ይላቸው ነበር። አልነበረም። የአይ ኸዲጃ ነበር። አይ ማለት በነሱ ቋንቋ እናት እንደማለት ነው፤ ለተከበረች ሴት ይባላል። ባሏ የግመል ነጋዴ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ወደ ባሕር የሚወስደው የዘይላው የግመል መንገድ ጭር አለ፣ ንግዱ ሞተ፣ እሱም ብዙ አልቆየም፣ ተከተለው። መበለቲቱ ትልቁን ቤት ለኮስታ አከራየችና ራሷ ከነልጇ ከጀርባው ባለች ትንሽ ቤት ገባች። ስታከራይ ግን አንድ ቃል አስገባችው። ክፍሎቹን የማሰናዳው እኔ ነኝ አለችው። ባዳ እጅ ቤቴን አይነካም አለችው። ኮስታ ደስ አለው። የሠራተኛ ደሞዝ ተረፈለት።

ስለዚህ በየጠዋቱ እንግዶቹ ሲወጡ ትገባለች። አንሶላ ትቀይራለች፣ መደቡን በቀይ አፈር ትቀባለች፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች አንድ በአንድ ታራግፋለች። የብረት አልጋዎቹን አትወዳቸውም ነበር። እግር ያለው አልጋ ሌሊት ሊሄድ ይችላል ትለኝ ነበር። እንግዶቹ ከመመለሳቸው በፊት በጓሮ በር ትወጣለች። እነሱ አያዩዋትም። እሷም አታያቸውም። ቤቱ በራሱ የሚጸዳ ይመስላቸው ነበር መሰለኝ።

በዚያ ዓመት ሴት ልጇ አሻ ታጭታ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ተመልሶ፣ ነገሩ ወደ ማለቂያው ደርሷል። የሙሽራው አባት አው ዩሱፍ ይባላሉ፤ አው የሚባለው ለተከበረ ወንድ ነው፤ ጊደር መጋላ ቅመም የሚነግዱ፣ ቃላቸው እንደ ሚዛናቸው የሆነ ሰው። ሐሙስ ቀን ጫት ይዘው መጥተው ቃል ሊያስሩ ተቀጥሯል። አይ ኸዲጃ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ባል የሌላት ሴት ልጅ ስትድር ያላት ሀብት ስሟ ነው። ሌላውን ኮስታ ተከራይቶታል።

ሙሴ ፖል የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ድሬዳዋ ቆዳ የሚነግድ፣ ነጭ ጢም ያለው፣ ሳል የያዘው ሽማግሌ። ክፉ ሰው አልነበረም። እንደውም ለበቅሎዋ ባርኔጣውን ሲያነሳ አይቻለሁ። በአገሩ ደንብ አልጋ ላነጠፈ ሰው ትራስ ላይ ገንዘብ ይተዋል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አንድ ጠገራ ብር ትራሱ ላይ ትቶ ግንቡን ሊዞር ወጣ።

አንድ ብር በዚያ ጊዜ ደህና በግ ይገዛል። ትራሱ ላይ በግ አስተኝቶ ወጣ በለው።

አይ ኸዲጃ ገባች፣ አየች፣ ወደ እኔ መጣች። ብሩን በእጇ አልያዘችውም። በስፌት ሰሃን አድርጋ፣ እንደ ትኩስ ፍም አርቃ ይዛው መጣች።

"ተሰማ" አለችኝ። "ሽማግሌው ገንዘቡን ረስቶታል። ሲመጣ ስጠው። ሰው ቤት የጠፋበት እንዳይመስለው።"

እሺ አልኩ። ሲመለስ ሰጠሁት። እሱ ብሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። ገባኝ ማለቱ ነው። የገባው ነገር ግን ሌላ ነበር። አነሰ ብላለች ብሎ ነው የገባው።

ማክሰኞ ሁለት አደረገው። ሁለቱን ብር አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ፣ በትራሱ መካከል አስቀምጦ፣ አጠገቡ አንዲት ጽጌረዳ አኖረ። ለይቅርታ ነው መቼስ። ደግነቱ ነው። ጽጌረዳዋን የቀጠፈው ደግሞ ከግቢው፣ አይ ኸዲጃ ራሷ ውሃ እያጠጣች ካሳደገችው ተክል ነው።

በዚህ ጊዜ ሰሃን አልያዘችም። ባዶ እጇን መጣች። ፊቷን በሻሿ ጠርዝ ሸፈን አድርጋ በሩ ጥግ ቆመች።

"ተሰማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያገርህን ደንብ ንገረኝ። በእናንተ ዘንድ ወንድ ልጅ ትራስ ላይ ብርና አበባ የሚያስቀምጠው ለምን ዓይነት ሴት ነው?"

እኔ ምን እላለሁ? ለእንዲህ ያለች ነው ልበላት? ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ይኼን ቀን አላየም። ዝምታዬን አየችው፤ እንደ መልስ ቆጠረችው።

"አስተግፊሩላህ" አለች ቀስ ብላ። የጓሮውን በር ዘግታ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ክፍሎቹ እንዳደሩ ቀሩ። አምስት አልጋ ሳይነጠፍ። ኮስታ ጮኸ። ነገሩን ነገርኩት፤ በሦስት ቃል ነገርኩት። ጭንቅላቱን ያዘ። ወደ ሙሴ ፖል ገብቶ በቋንቋቸው ረጅም ነገር አወራ። አየህ፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኮስታ እውነቱን ቢናገር ይኼን ያህል ማውራት አያስፈልገውም ነበር። ሴቲቱ የቤቱ ባለቤት ናት፣ አንተም እንግዳዋ ነህ ማለት ብቻ ነው። ግን ቤቱ የኔ ነው ብሎ ነግሮታል። ስለዚህ ሴቲቱ ትንሽ ቅር ብሏታል ብሎ ብቻ እንደተወው ኋላ ነገረኝ።

ሙሴ ፖል ቅር ያለውን ሰው ማከም የሚያውቀው በአንድ መድኃኒት ነው። ኪሱ ገባ። አራት ብር አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ቤቷ ድረስ ወስደህ በእጇ ስጣት አለኝ በኮስታ አፍ። ጣቶቼን ራሱ አጠፈልኝ።

እኔም ታዛዥ ነኝ፤ ሄድኩ።

ቤቷ በጓሮ ሃያ እርምጃ ነው። የጓሮው በር ግን ተዘግቷል። ስለዚህ ዞሬ በአቦከር ሰፈር በኩል ባለው ቀጭን መንገድ መሄድ ነበረብኝ። መንገዱ ቀጭን ስልህ ሁለት አህያ አያሳልፍም። ግራና ቀኙ ደጅ ነው። ደጁ ላይ ሴቶች ስፌት ይሰፋሉ። መሀል ስደርስ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። የሆቴሉ ዘበኛ፣ የፈረንጅ ብር በእጁ ጨብጦ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ መበለት ቤት እየሄደ ነው። እንዲህ የሚሄደውን ሰው በኛ ቋንቋ ምን ይሉታል? ስሙን ታውቀዋለህ፤ እኔ አልጠራውም። ሴቶቹ አቀርቅረው ይሰፉ ነበር። መርፌያቸው ግን ቆሟል።

ልመለስ ስል ፊት ለፊት አው ዩሱፍ መጡ። መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ከመስጊድ እየተመለሱ። ወሬው ቀድሞኛል። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ጀጎል ውስጥ አፋፉም ቅርብ ነው።

ሰላም አልኳቸው። ሰላምታዬን መለሱ፣ አልፈው አልሄዱም።

"እጅህ ውስጥ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ብር።"

"የማን?"

"የፈረንጁ።"

"ለማን ነው?"

"ለአይ ኸዲጃ።"

ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ።

"ለምን ይሰጣታል?"

"አልጋ ስላነጠፈችለት።"

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እውነት ተናግሬ አላውቅም። አንዷም ቃል ውሸት የለባትም። እያንዳንዷ ግን የገባሁበትን ጉድጓድ በአንድ ክንድ ታጠልቀዋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይዘባርቅና ይድን ነበር። እኔ አጭር ተናጋሪ ነኝ።

አው ዩሱፍ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ቅደም" አሉኝ። ቀደምኩ። ከኋላ ከኋላዬ መጡ። የአሻ ነገር በዚያች በቀረችው መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ያወቅሁት በጀርባዬ ነው።

አይ ኸዲጃ ደጇ ላይ ነበረች። አሻ ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ። እናቲቱ እኔን አየች፣ እጄን አየች፣ ከኋላዬ ያሉትን አየች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

"አው ዩሱፍ፣ እንኳን መጡ" አለች። "ምስክር ይሁኑልኝ። ሰኞ አንድ አመጣ፣ ረስቶ ነው ብዬ መለስኩ። ማክሰኞ ሁለት አመጣ፣ እዚያው ትቼ ወጣሁ። ዛሬ ስንት ነው ተሰማ?"

"አራት" አልኩ።

"አራት። ይኼንንም ይመልሰው። ቤቴን አከራየሁ እንጂ እንግዳ መቀበሌን አላከራየሁም። ጣሪያዬ ሥር ያደረ ሰው እንግዳዬ ነው፣ ካፊርም ቢሆን። አልጋውን የማነጥፈው እንግዳዬ ስለሆነ ነው። እንግዳ ከፍሎኝ ከወጣ እኔ የቤቱ ምኑ ነኝ? እንግዲህ ወሬውን እርስዎም ሰምተዋል። ሐሙስ መምጣት መቅረትዎ የእርስዎ ፋንታ ነው። ልጄን ግን በዚህ ብር የሚመዝናት ሰው እንዳይወስዳት።"

የመንገዱ ሴቶች ስፌታቸውን ታቅፈው ቀስ በቀስ ተጠግተዋል። አው ዩሱፍ ጢማቸውን ያዙ። የሚያስቡት እንደ ነጋዴ ነበር፤ ከዓይናቸው ይታያል።

"አንድ፣ ሁለት፣ አራት" አሉ። "ሦስት ጊዜ ሰጠ?"

"ሦስት ጊዜ መለስኩ" አለች።

"ወላሂ፣ እኔ ጊደር መጋላ ዕድሜዬን ነገድኩ። ዋጋ እየጨመረ ሦስት ጊዜ የሰጠ ገዢ አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ የመለሰ ሻጭ አላየሁም። እኔ ራሴ ሁለተኛው ላይ እሸጥ ነበር።" ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። ሁሉም እንዲሰማ አድርገው ነው የተናገሩት። "ከዚህ ቤት ልጅ ካልወሰድኩ ከየት ልወስድ ነው? ሐሙስ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። ጫቱንም እጨምራለሁ።"

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ነገር ወደቀና ተሰበረ። አሻ ናት። ደስታ ይሁን ድንጋጤ አላውቅም። ሰባራው ግን ደህና ማሰሮ ነበር።

ለእኔ ደግሞ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ። ለሽማግሌው ንገረው፤ እንግዳ ቤቱን ማመስገን ሲፈልግ ትራስ ላይ ብር አይጥልም። ስኳር ይዞ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ ሰው እያየው ይመጣል። የቤቱ ወንድ ይቀበለዋል። ወንድ የለም፤ እኔ እቀመጥላታለሁ አሉ።

ተመልሼ ለኮስታ ነገርኩት። በዚህ ጊዜ እውነቱን ከመናገር ሌላ መንገድ አልነበረውም። ተናገረ። ሙሴ ፖል ቤቱ የማን እንደሆነ ሲሰማ ፊቱ የድሬዳዋ ግንቦት መሰለ። ኮስታን አንድ ቃል ተናገረው። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ቃሏን ግን ከነዜማዋ እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ።

ሐሙስ ደረሰ፤ አው ዩሱፍ ጫቱን ጨምረው መጡ፣ የአሻም ቃል ታሰረ። ሙሴ ፖል በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ራስ ድፍን ስኳር እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ኮስታን አስከትሎ በአይ ኸዲጃ ቤት ፊት ለፊት በር ገባ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ሁሉም አየው፣ ማንም አላየም። በደንቡ መሠረት መደቡ ላይ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉ በታች አስቀመጡት። ደስ ብሎት ተቀመጠ። ጫት ሰጡት፤ ቃመ። አይ ኸዲጃ አልወጣችም። ከጓዳ ሆና፣ እንግዳችን ሳሉ ተሻለው ወይ ብላ አስጠየቀች። ሲነግሩት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጫቱም ይሆናል። ሲወጣ ወደ ኮስታ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀው። ስኳሩ በቂ ነው ወይስ ልጨምር ብሎት ኖሯል። ኮስታ ክንዱን ቆንጥጦ አስወጣው። ከዓርብ ጀምሮ አልጋዎቹ ተነጠፉ።

እንግዲህ ጥያቄህን እዚህ ላይ ልመልስልህ። ለሰው ስጥ። አልጋ ያነጠፈ፣ ውሃ የቀዳ፣ በቅሎ የያዘ፣ ይገባዋል። ግን ማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቅ። ከዚያ ፊት ለፊት ስጠው፣ ዓይኑን አይተህ ስጠው። ከወደ ጀርባ የሚሰጥ ገንዘብ ስንትም ቢሆን ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። ይኼ ጥሩ ምክር ነው። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ አዋቂ ሰው እባል ነበር።

ነገር ግን እኔ ሌላም ነገር ተምሬ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ መለሰች፣ ሁለት ሆነ። ሁለት መለሰች፣ አራት ሆነ። አራት መለሰች፣ ልጇ ተዳረች፣ ስኳርም መጣ። ታዲያ ከዚህ ምን ትማራለህ? እኔ የተማርኩት መመለስ እንደሚያዋጣ ነው። እስከዚያ ድረስ እንግዳ ሲሄድ የሰጠኝን እቀበል ነበር። ሩብም ቢሆን፣ ቤሳም ቢሆን። ይኼን ሁሉ ዓመት ሞኝ ኖሬያለሁ ብዬ አዘንኩ።

በሳምንቱ አንድ ወፍራም ፈረንጅ ወደ ድሬዳዋ ሊወርድ ተነሳ። በቅሎውን ይዤ አስቀመጥኩት። ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ለበቅሎዋም ለእኔም። ከላይ ሆኖ አንድ ብር ዘረጋልኝ። አንድ ሙሉ ብር። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ፣ የአይ ኸዲጃን ፊት አስመስዬ፣ በእጄ ጀርባ ገፋሁት። ሁለቱን እየጠበቅሁ።

ፈረንጁ አየኝ። ብሩን አየ። ኪሱ ከተተው። ባርኔጣውን አነሳልኝና ሄደ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። ብብቴ ሲቀለኝ ተሰማኝ። ልጠራው ፈለግሁ። ምን ብዬ? እስካስብ ድረስ በቅሎዋ ታጠፈች።

ይኼ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ሰውዬው ከመነሳቱ በፊት ለካ ኮስታ በረንዳ ላይ ሆኖ ያየን ነበር። በትራሱ ነገር አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሰው ነው፤ ዳግመኛ ሆቴሉ ሳይነጠፍ እንዳያድር ፈራ። መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። አንተም እንደሷ ነህ ለካ አለኝ፤ ይኼን ሁሉ ዓመት ሳላውቅ አዋረድኩህ፣ ይቅር በለኝ አለኝ። በቅሎዋ የታጠፈችበትን ጥግ እያየሁ ራሴን ነቀነቅሁ።

በማግስቱ አንድ ወረቀት ጽፎ በሩ ላይ ለጠፈ። እኔ ከምቆምበት ቦታ ክንድ አይርቅም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የፈረንጅ ፊደል ደግሞ ጭራሽ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ፈቃድ መሰለኝ። የመንግሥት ወረቀት ነው ብዬ ተንከባከብኩት። ጠዋት ጠዋት አቧራውን እጠርግለታለሁ። ክረምት ንፋስ ጥጉን ሲገነጥለው ሊጥ ለምኜ መልሼ እለጥፈዋለሁ። ሲደበዝዝ ለኮስታ ነገርኩትና በአዲስ ቀለም አስጻፍኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።

ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲህ የእንግዶቹ ጠባይ ተለወጠ። ሲሄዱ ቆመው ያነቡታል፤ ከዚያ እኔን ያዩኛል፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አንስተው እጄን ይጨብጡኛል። ሴቶቹ ሳይቀሩ። ገንዘብ የሚባል ነገር ግን ቀረ። ዘመኑ ከፋ፣ የቆዳ ዋጋ ወርዶ ይሆናል እል ነበር። ክብሩ ግን ጨመረ። ዕድሜዬ ነው የተከበረው ብዬ ተጽናናሁ። ቤት ስገባ ሚስቴ ዛሬስ ትለኛለች። ዛሬም ጨበጡኝ እላታለሁ።

ስንት ዓመት እንደሄደ አልቆጠርኩም። አሻ አራት ወልዳለች። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ጸሐፊ መጣ፤ ፈረንሳይኛ የተማረ፣ ገና ጎልማሳ፣ ኮትና ሱሪ የለበሰ። ሲሄድ እንደ ሁሉም ወረቀቱን አነበበ። አየኝ። ደግሞ አነበበ። አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ብር ሲንሿሿ እሰማለሁ።

"አባባ፣ ይኼ እውነት ነው?" አለኝ።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ወረቀቱን ሲያነብ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ይላል አልኩት። በጣቱ እየተከተለ ነገረኝ። የተከበራችሁ እንግዶች ይላል። በዚህ በር የቆሙት ሽማግሌ ኩሩ ሰው ናቸው ይላል። ገንዘብ መስጠት እሳቸውን መስደብ ነው፤ እጃቸውን መጨበጥ ይበቃል ይላል።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እኔ ብዙ አልናገርም። ያን ቀን ግን ተናገርኩ። ውሸት ነው አልኩት። አልሰደብም አልኩት። እኔም አልሰደብም፣ ሚስቴም አትሰደብም፣ ልጆቼም አይሰደቡም፤ ከዘሬ የሚሰደብ የለም አልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም።

ጸሐፊው ፈገግ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰና ጣቱን ከመጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈ።

"ይኼንንም ጽፈውታል አባባ" አለኝ። "'ከጨዋነታቸው የተነሣ አልሰደብም ይሏችኋል፤ አትመኗቸው' ይላል።"

ባዶ እጁን ከኪሱ አውጥቶ፣ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።